“ልጃችንን ዲዮስቆሮስ ብንለው የዜውስ ልጅ አልነው ማለት ነው?”

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ “መስከረም 7 ወንድ ልጅ ተወለደልን። አማቴ ‘በቀኑ ዲዮስቆሮስ ይባል’ አሉ፤ እኔም ወድጄው ነበር። በኋላ ግን አንድ ቪዲዮ ላይ ስሙ ‘የዜውስ ልጅ’ ማለት እንደሆነ ሰማሁ። እዚያው ላይ ‘ኢየሱስ’ የሚለውም ከዜውስ የመጣ ነው፣ ‘ቴዎስ’ም ያው ዜውስ ነው ይላል። ዜውስ ማለት ምን ማለት ነው? የሚባለውስ እውነት ነው? አርባ ቀኑ ሳይደርስ ስሙን እንቀይር?”

ቪዲዮው አንድ እውነት ይዞ ሁለት ስህተት ለጥፎበታል። እውነቱ “ዲዮስቆሮስ” ውስጥ ዜውስ መኖሩ ነው። “ኢየሱስ” ከዜውስ መጣ የሚለው ግን ሐሰት ነው። “ቴዎስ” ያው ዜውስ ነው የሚለውም እንዲሁ። ሦስቱ ሲደባለቁ ሰው የመጀመሪያውን አጣርቶ እውነት ሆኖ ሲያገኘው የቀሩትን ሳያጣራ ይውጣቸዋል። ስለዚህ ከዜውስ ከራሱ እንጀምር።

ዜውስ የጥንት ግሪኮች የአማልክቶቻቸው አለቃ ያደረጉት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በመብረቁ ስለሆነ ስሙን “ነጎድጓድ” ወይም “ኃያል” ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። ልክ አይደለም። መብረቅ መሣሪያው ነው። ስሙ “ብሩህ ሰማይ” ማለት ነው፤ የቀን ሰማይ፣ ብርሃን የሞላበት ሰማይ።

ይህን የምናውቀው ስሙ የግሪኮች ብቻ ስላልሆነ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዕብራይስጥና ዓረብኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች እንደሆኑ ሁሉ ግሪክኛ፣ ላቲንና የሕንዱ ሳንስክሪትም የሌላ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በጥንታዊው የሕንድ መዝሙር “ድያውስ ፒታር” የሚባል አለ። ሮማውያን “ዩፒተር” ይላሉ። ግሪኮች አምላካቸውን ሲጠሩ “ዜው ፓተር” ይሉ ነበር። ሦስቱም አንድ ሐረግ ናቸው፦ “ሰማይ አባት”። ሦስቱ ሕዝቦች ከመለያየታቸው በፊት የነበረ አጠራር ነው፤ ከማንኛቸውም የጽሑፍ ታሪክ በዕድሜ ይበልጣል። በላቲን “ቀን” ማለት “ዲዬስ” ነው፤ ሥሩ ይኸው ነው። ሥሩ ደግሞ “ማብራት፣ መብራት” ነው።

ግሪኮቹም ትርጉሙን ጨርሰው አልረሱትም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲረጋ “ኤውዲያ” ይሉ ነበር። “ኤው” መልካም ነው፤ “ዲያ” ከዜውስ ስም የወጣ ነው። እኛ “ዘነበ” ስንል ማን እንዳዘነበ አንናገርም። እነሱ “ዜውስ ዘነበ” ይሉ ነበር። የሮም ንጉሠ ነገሥት የነበረው ማርቆስ አውሬልዮስ የአቴናውያንን አንዲት አጭር ጸሎት አስቀርቶልናል፦ “ዝነብ፣ ዝነብ፣ ውድ ዜውስ ሆይ፣ በአቴናውያን እርሻና ሜዳ ላይ።” ከፈላስፎቹ ረጅም ትንታኔ ሁሉ የስሙን ትርጉም የምታሳየን ይህች ናት። ገበሬ ቀና ብሎ ሰማዩን እያየ የሚለምነው ልመና ነው።

ስሙ ዜውስ ከሆነ ታዲያ “ዲዮስቆሮስ” ውስጥ ያለው “ዲዮስ” ከየት መጣ? “ዜ”ን እና “ዲ”ን ምን አገናኛቸው? ይህ ነው ብዙውን ሰው የሚያደናግረው። መልሱ ግን በአፋችን ላይ ነው። ግእዙ “ወላዲ” ይላል፤ “ወላዲተ አምላክ” ስንል እንደምንሰማው። አማርኛው “ወላጅ” ይላል። “ፈረደ” ብለን “ፈራጅ”፣ “አረደ” ብለን “አራጅ” እንላለን። ወንዱን “ሂድ”፣ ሴቷን “ሂጂ”። “ድ” ከ“ኢ” ወይም ከ“ይ” ጋር ሲጣበቅ መልኩን ይቀይራል። “ወላዲ” እና “ወላጅ” የማይዛመዱ ቃላት ናቸው የሚል ሰው አለ? የለም። በጥንቱ ግሪክኛም የሆነው የዚሁ ዓይነት ነገር ነው። የስሙ አሮጌ መልክ “ድየውስ” ነበር። “ድ” እና “ይ” ተጣብቀው ወደ “ዝ” ሄዱ፤ ድየውስም ዜውስ ሆነ።

ይህ ግን የሆነው በሁሉም የስሙ መልክ አይደለም። ግሪክኛ ስምን እንደ አገባቡ ይለዋውጣል። ባለቤት ሲሆን “ዜውስ”፤ “የዜውስ” ለማለት “ዲዮስ”፤ “ዜውስን” ለማለት “ዲያ”። በእነዚህ ሁለት መልኮች ድምፆቹ ሳይጣበቁ ለየብቻ ስለሚነበቡ “ድ” እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ ዜውስ፣ ዲዮስ፣ ዲያ ሦስት ስም አይደሉም። አንድ ስም ነው፣ ሦስት ልብስ የለበሰ።

የጽሑፍ ማስረጃም አለ። በደቡብ ግሪክ በፒሎስ፣ በቀርጤስ ደሴት ደግሞ በክኖሶስ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው በግርድፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1400 እስከ 1200 ባለው ዘመን ነው። ጽሕፈታቸው ለረጅም ጊዜ አልነበብ ብሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዛዊው ማይክል ቬንትሪስ ፈታው። ብዙዎች ሳይጠብቁ ቋንቋው ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ። በጽላቶቹ ላይ ለአማልክት የተላከ ስጦታ ሲቆጠር “ዲዌ” የሚል አለ፦ “ለዜውስ” ማለት ነው። “ው” ገና አልወደቀችም። በኋለኛው ግሪክኛ “ው” ወድቃ “ዲ” ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንተርኔት ላይ “ዜውስ ማለት ሕይወት ማለት ነው” የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ከግሪኩ ፈላስፋ ከአፍላጦን (ፕሌቶ) ነው። ከአማልክት ስሞች ጋር በሚጫወትበት አንድ ድርሰቱ ውስጥ የዜውስን ስም ለሁለት ይከፍለዋል። “ዲያ” በግሪክኛ “በእርሱ ምክንያት” ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። “ዜና” የሚባል ሌላ መልክ ደግሞ አለው፤ “ዜን” ማለት መኖር ነው። ስለዚህ “ሁሉም በእርሱ ምክንያት የሚኖሩበት” አለ። ያምራል፣ ግን የስሙ ምንጭ አይደለም። በአማርኛ ብንሞክረው “ሰማይ” ውስጥ “ማይ” አለ፤ በግእዝ “ማይ” ውሃ ነው፤ ዝናብም ከሰማይ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ “ሰማይ” ማለት የውሃ አገር ማለት ነው እንደማለት ነው። ለስብከት ይሆን ይሆናል። ለቃል ምርምር ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም “ሰማይ” በዕብራይስጡም በዓረብኛውም ወንድሞች አሉት፤ ምንጩ የሚፈለገው እነሱን ጎን ለጎን አቁሞ ነው። ቃል እየሰነጠቁ ትርጉም ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ጨዋታ ነው። የዛሬው ቪዲዮም ያንኑ ነው የሚሠራው፣ ያውም ያለ አፍላጦን ብልሃት።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንግባ፤ ምናልባት ሳያውቁት ዜውስን ደጋግመው አንብበውታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን በምትባል ከተማ ሽባ ሰው ይፈውሳሉ። ልስጥራን ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ኮንያ ከምትባለው ከተማ አጠገብ የነበረች ናት። ሕዝቡ አማልክት ሰው መስለው ወረዱ ብሎ ይጮኻል። ነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በርናባስን “ድያ” አሉት፣ ጳውሎስን ደግሞ ዋናው ተናጋሪ እሱ ስለነበረ “ሄርሜን” አሉት ይላል። “ድያ” ማነው? ዜውስ ነው። በግሪክኛው ዓረፍተ ነገር ስሙ ተሳቢ ስለሆነ “ዲያ” ተብሎ ተጽፏል። አማርኛው ያንን መልክ እንዳለ ስም አድርጎ ወሰደው። በሚቀጥለው ቁጥር ግሪክኛው “የዜውስ ካህን” ለማለት “ዲዮስ” ሲል አማርኛው አሁንም “የድያ ካህን” ይላል።

“ሄርሜን” ደግሞ የባሰ ነው። ስሙ ሄርሜስ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው “ን” የአማርኛ “ን” ትመስላለች፣ አይደል? አይደለችም። እኛ ሰውን ስም ስናወጣለት “አበበ አሉት” እንላለን፣ “አበበን አሉት” አንልም። “ን”ዋ የግሪክኛዋ የተሳቢ ምልክት ናት። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይዛመዱ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ድምፅ መያዛቸው አጋጣሚ ነው። እኔ ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

ለምንስ በርናባስ ዜውስ፣ ጳውሎስ ሄርሜስ ተባሉ? ሄርሜስ የአማልክት መልእክተኛና አፈ ጉባኤ ስለሆነ ብዙ የሚናገረው ሰው ለእሱ ተሰጠ። ዝም ያለው ትልቁ ሆነ። ባላባት ራሱ አይናገርም፣ ያናግራል እንደማለት ነው። በዚያ አካባቢ ዜውስና ሄርሜስ መንገደኛ መስለው ደሀ ሽማግሌዎች ቤት አደሩ የሚል ተረት ይነገር ነበር፤ ሁለቱን በአንድነት የሚጠቅሱ የድንጋይ ጽሑፎችም እዚያው አቅራቢያ ተገኝተዋል። የልስጥራን ሰዎች እንደዚያ የደነገጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

“ድያ” የተባለው መልክ በነገራችን ላይ ስህተት ነው ብዬ አላርመውም። የዛሬዎቹ ግሪኮች ራሳቸው በዕለት ተዕለት ንግግር ዜውስን “ዲያስ” ነው የሚሉት፤ ከዚያው ከተሳቢው መልክ ያወጡት ነው። ጁፒተር የምንላትንም ፕላኔት እንደዚሁ ይጠሯታል።

ወደ ዋናው ክስ እንምጣ። “ኢየሱስ” የሚለው ስም የዕብራይስጥ ስም ነው፦ “የሹዓ”። እሱም “የሆሹዓ” የሚለው ሲያጥር ነው። ትርጉሙ “እግዚአብሔር ያድናል” ነው። ግሪክኛ “ሽ” የሚባል ድምፅ የለውም፤ “ስ” አደረገው። “ዓ”ም የለውም፤ ጣለው። የወንድ ስም ባለቤት ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ “ስ” ይጨምራል። ዮሐንስን፣ ቶማስን ተመልከቱ። “ይሁዳ” በግሪክኛ “ዩዳስ” ነው። እንዲህ እንዲህ ተደርጎ “ኢኤሱስ” ሆነ፤ ግእዙ “ኢየሱስ” ብሎ ተቀበለው። የመጨረሻዋ “ስ” የስሙ አካል እንኳን አይደለችም። በግሪክኛ “የኢየሱስ” ለማለት “ኢኤሱ” ይባላል፤ “ስ”ዋ ትወልቃለች። ዜውስ ቀርቶ ምንም የሚደበቅባት ቦታ የላትም።

ማስረጃው ከክርስትና በፊት የነበረ መሆኑን ልብ ይበሉ። እስክንድርያ የነበሩ አይሁድ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን ወደ ግሪክኛ ሲመልሱ የነዌን ልጅ ኢያሱን “ኢኤሱስ” ብለው ነው የጻፉት። በግሪክኛ “ኢያሱ” እና “ኢየሱስ” አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ዕብራውያን 4፥8 ላይ አማርኛው “ኢያሱ” ሲል ግሪክኛው “ኢኤሱስ” ነው የሚለው። ስለዚህ ቪዲዮው ትክክል ከሆነ አይሁዶቹ የሙሴን ተተኪ በዜውስ ስም ጠርተውታል ማለት ነው። የትኞቹ አይሁድ? እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 አካባቢ የሶርያው የግሪክ ንጉሥ አንጥዮኮስ 4ኛ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ለዜውስ ኦሊምፒዮስ ሲሰጥባቸው ጦር የመዘዙት ሕዝብ። (ይህን ታሪክ በእኛ መጽሐፈ መቃብያን አይፈልጉት፤ የእኛው ሌላ መጽሐፍ ነው።) ከዚያ በኋላም ልጆቻቸውን “ኢኤሱስ” ማለት አላቆሙም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ የጻፈው አይሁዳዊው ፍላቪዮስ ዮሴፍ በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎችን ይጠቅሳል። ተራ፣ የተለመደ የአይሁድ ስም ነበር።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከእንግሊዝኛ። “ጂዘስ” ሲባል መሃል ላይ “ዝ” ይሰማል። ዜውስን ደግሞ “ዙስ” ይሉታል። “ዘስ” እና “ዙስ” ተቀራረቡ፤ አለቀ። በግሪክኛ ግን በኢየሱስ ስም ውስጥ ያለው “ስ” ነው፣ በዜውስ ያለው “ዝ” ነው፤ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ግሪክ አያሳስታቸውም። አናባቢውም ይለያል፤ አንዱ “ኡ”፣ ሌላው “ኤው” ነው። የእንግሊዝኛ አነጋገር የጥንት ግሪክኛ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ይህ መመሳሰል በራሱ በቋንቋው ውስጥ አለ ወይስ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው?

“ቴዎስ”ን በአጭሩ ልጨርሰው። በግሪክኛ “አምላክ” ማለት ነው። ከዜውስ ጋር ሥሩ አይገናኝም። የላቲኑ “ዴውስ” ቴዎስን ይመስላል፣ ግን ዘመዱ አይደለም። ዴውስ የሚዛመደው ከዜውስ ጋር ነው፤ ሁለቱም “ማብራት” ከሚለው ሥር ናቸው። የሚመሳሰሉት ባዕድ፣ የማይመሳሰሉት ዘመድ ሆነው ተገኙ ማለት ነው። በቃላት ዓለም ይህ የተለመደ ነው። ስፓኒሾች እግዚአብሔርን “ዲዮስ” ሲሉም ሰምተው አይደንግጡ። ከላቲኑ ዴውስ የመጣ ነው እንጂ ከግሪኩ “የዜውስ” አይደለም። ቴዎድሮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ ቴዎፍሎስ የሚባሉ ዘመዶች ካሏችሁ እነሱም ከዚህ ክስ ነጻ ናቸው።

“ዜውስ ማለት ምን ማለት ነው” የሚለው ጥያቄ ሌላም ገጽታ አለው። የስሙ ሥር ሰማይ ነው ብለናል። ሰዎቹ ግን ስሙን ብቻውን አይጠሩትም ነበር። እኛ “የቁልቢው ገብርኤል” እንደምንለው እነሱም ከጎኑ ቅጥያ ያኖሩ ነበር፣ ቦታ ወይም ሥራ። ዜውስ ክሴንዮስ የእንግዳ ጠባቂ ነው። እንግዳን ያባረረ እሱን አስቀየመ። “የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ” የሚለውን ልመና የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዜውስ ሆርኪዮስ የመሐላ ነው። ዜውስ ሄርኪዮስ የግቢ አጥር ጠባቂ ነው። በጣም የሚገርመኝ ዜውስ ክቴስዮስ ነው፤ የጓዳው ዜውስ። ምልክቱ ጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ ማሰሮ ነበር። ያ ኦሊምፒያ ላይ ፊድያስ በወርቅና በዝሆን ጥርስ 12 ሜትር ያህል አድርጎ የቀረጸው አስፈሪ ንጉሥ፣ እቤት ውስጥ እህል እንዳያልቅ የሚለመን ማሰሮ ነው። ዶዶና በሚባለው ቦታ ደግሞ በዋርካ የሚያህል የባሉጥ ዛፍ ሥር ትንቢት ይጠየቅ ነበር። እዚያ ሚስቱ “ዲዮኔ” ትባላለች፤ የራሱ ስም በሴት አንቀጽ።

ስሙ መተርጎሚያም ነበር። ግሪኮችና ግሪክኛ የሚጽፉ ሕዝቦች የሌላ አገር ትልቅ አምላክ ሲያጋጥማቸው “ዜውስ” ብለው ይጽፉት ነበር። የግብፁ አሞን “ዜውስ አሞን” ሆነ። ይህ በእኛም አገር ሆኗል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአክሱም የባሕር ወደብ በአዱሊስ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል። ያስገለበጠው አጼ ካሌብ ነው፣ በአዱሊስ ገዥ በኩል። ጽሑፉን ያስቀረጸው ከካሌብ ብዙ ቀድሞ የነበረ፣ ስሙ ያልቀረልን የአክሱም ንጉሥ ነው። ጦርነቱን ከዘረዘረ በኋላ ወደ አዱሊስ ወርጄ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን ሠዋሁ ይላል። ይህን ያነበበ አንዳንድ ሰው “አክሱሞች ዜውስን ያመልኩ ነበር” ይላል። ቸኩሏል። በኢዛና ጽሑፎች ግሪክኛው “አሬስ” ሲል ግእዙ “መሕረም” ነው የሚለው። አሬስ ማለት መሕረም ከሆነ “ዜውስ”ም የራሳችን አምላክ ትርጉም ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች አስተር የተባለው ነው ይላሉ። የአምልኮው ባለቤት የአገሩ አምላክ ነው፣ ግሪክኛው ስም ለባሕር ነጋዴው የተዘጋጀ ትርጉም ነው።

በተቃራኒው “ዜውስ ኢትዮጵያዊ ነው” የሚሉም አሉ፣ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርን ጠቅሰው። ሆሜር የሚለው ዜውስ ከአማልክቱ ጋር “ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን” ዘንድ ግብዣ ሄዷል፣ በ12ኛው ቀን ይመለሳል ነው። እንግዳ ሆኖ ነው የሄደው። “ኢትዮጵያውያን” የሚለውም በዚያ ዘመን በዓለም ዳርቻ ያሉ ጥቁር ሕዝቦችን ሁሉ የሚጠራ ነበር። ክብሩ ክብር ነው፣ ግን የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም።

አሁን ወደ ልጅዎ። “ዲዮስቆሮስ” ሁለት ቃል ነው። “ዲዮስ” የዜውስ፣ “ኮሮስ” ወይም “ኩሮስ” ወጣት ልጅ። በብዙ ሲሆን የዜውስ መንትዮች የተባሉት ካስቶርና ፖሉክስ ናቸው፤ መርከበኞችን በማዕበል የሚያድኑ ተብለው የሚታመኑ። ይህም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። የሐዋርያት ሥራ 28፥11 ላይ ጳውሎስ ከመላጥያ ወደ ሮም የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ የዲዮስቆሮስ አላማ ነበረበት። ሐዋርያው ያን ምልክት አይቶ ከመርከቡ አልወረደም።

ግብፅ ውስጥ ስሙ ተራ የሰው ስም ነበር። በፓፒረስ ላይ ሞልቶ ይገኛል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አፍሮዲቶ በምትባል ከተማ የኖረ ዲዮስቆሮስ የሚባል ክርስቲያን የሕግ ሰውና ገጣሚ ነበር፤ ወረቀቶቹ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። አማትዎ ያሰቡት ግን ሌላውን ነው፤ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ከመንበሩ ተነሣ፣ ወደ ጋንግራ ተሰደደ፣ በ454 እዚያው ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም 7 ታስበዋለች፤ በስሙም ቅዳሴ አላት። ሁሉን ሲያልፍ ስሙን አልቀየረም።

እሱ ብቻም አይደለም። ባሕረ ሐሳብን ደረሰ የምንለው ድሜጥሮስ ስሙ ከእህል አምላኳ ከዲሜትር ነው። መርቆሬዎስ ከሮማው ሜርኩርዮስ ነው። ዲዮናስዮስ ከወይኑ አምላክ። መርዶክዮስ ከባቢሎኑ ማርዱክ። አጵሎስ ከአፖሎ ነው፣ ያውም ከጳውሎስ ጋር ያገለገለው። የቃል ምንጭ አንድ ነገር ነው፣ ስሙ ዛሬ ማንን ያስታውሳል የሚለው ሌላ። “ማክሰኞ” የመጣው “የሰኞ ማግስት” ከሚለው ነው። ማክሰኞ ቀጠሮ ሲይዙ ሰኞን ያስባሉ?

እኔ መናገር የምችለው ስለ ቃሉ ነው። የክርስትና ስም ላይ የመጨረሻው ቃል የእኔ አይደለም፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ቪዲዮውን ይዛችሁ ሳይሆን ቀኑን ይዛችሁ ሂዱ። በቋንቋ በኩል ግን ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ስሙን አትቀይሩ። የሚያስቀይር ምክንያት የለም።

ይልቅ የሚያስቸግራችሁ ሌላ ነው። “ዲዮስቆሮስ”፣ “ዲዮስቆርዮስ”፣ “ድዮስቆሮስ” እያሉ የሚጽፉት አሉ። የልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን አስጽፉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ፓስፖርቱም ላይ ትምህርት ቤትም ያንኑ ያዙ። ረጅም ስም ስለሆነ በቤት ማሳጠራችሁ አይቀርም። “ዲዮ” ካላችሁት ያስቀራችሁት የዜውስን ክፍል ነው። አሁንም ቅር ካለዎት “ቆሮስ” በሉት። እሱ “ልጅ” ማለት ብቻ ነው።